የምግቧን ነገር ላልነገሩን ለአቶ ወንዳወቅ

ለተከበሩ አቶ ወንዳወቅ፣
የ«ክንፈ ሰማይ» የውጭ ትምህርት አማካሪ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣
ፍኖተ ሰላም

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ቀለም የፈካ፣ ኑሮዎም እንደ ንግግርዎ የለሰለሰ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ ከጅጋ እጅ እነሣለሁ። እኔ ድጓ ሳስተምር ያረጀሁት መሪጌታ ዓለምብርሃን ነኝ፤ ልጄ ሰርካለም ውጭ አገር ሄዳ አውሮፕላን ማብረር እንድትማር የመመዝገቢያውን ገንዘብ በእጅዎ ያስረከብኩት ሰው። ባለጉዳይ ይበዛብዎታልና እኔን ቢረሱኝ አልቀየምም፤ ገንዘቡን እንደማይረሱት ግን እተማመናለሁ።

አስቀድሜ ስለ አቀባበልዎ አመሰግናለሁ። ወንበር ስበው፣ ለስላሳ አስከፍተው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የባለ ኮፍያ አብራሪ ፎቶግራፍ እያሳዩ ልጃችን ገና ተማሪ ሳለች ደመወዝ እንደሚቆረጥላት ሲያበስሩን ባለቤቴ ንግሥቴ በደስታ አልቅሳለች። ያን እንባ ወደፊት የምትፈልገው መሆኑን ብናውቅ ኖሮ እንድትቆጥበው እንመክራት ነበር።

ቅሬታዬን በአክብሮት እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. በእኛ አገር የእርሻ ሠራተኛ የቀጠረ ሰው ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ ማደሪያም ይሰጠዋል፤ ደመወዙ ከዚያ በላይ ነው። ቀጣሪን ታበላኛለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ንፉግ ነህ ብሎ ከመስደብ ስለሚቆጠር፣ እርስዎ ደመወዝ ሲሉን ምግቧንና ቤቷን ማን እንደሚችል መጠየቁን ነውር አድርገን ዝም አልን። ዝም ስንል ፈገግ ማለትዎ ትዝ ይለኛል፤ ጨዋነታችንን የወደዱልን መስሎኝ ነበር።

2ኛ. ደመወዝ ያሉት ለግድግዳው አብራሪ እንጂ ለተማሪ አለመሆኑን የሰማነው አምና በእርስዎ በኩል ከሄደው ከቡሬው ልጅ ከባምላኩ ነው። ሰርካለም ደውላ ስትጠይቀው፣ ለተማሪ የሚሰጠው የኪስ ገንዘብ የአንዲት ክፍል ኪራይ እንኳ እንደማይሞላ፣ እሱም ሰሃን አጥቦ እንደሚበላ፣ የትምህርት ክፍያ ስላቋረጠም የበረራ ልምምዱ እንደቆመበት አጫወታት። በአሁኑ ጊዜ አውሮፕላን የሚያየው እንደ እኛው በሰማይ ሲያልፍ ነው።

3ኛ. ልጄ ገቢና ወጪውን አስልታ ቢሮዎ ድረስ በመጣች ጊዜ፣ ጾም ለለመደች የቤተ ክህነት ልጅ የምግብ ወጪ እንደማይከብዳት መክረው መለሷት። ስለ ጾም ያለዎትን እውቀት አደንቃለሁ፤ ከጾም በኋላ ፋሲካ መኖሩን ግን ያስተማረዎት ያለ አይመስለኝም።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ልተወውና ተናድጃለሁ። ለምዝገባው ስል ያለችኝን አንዲት የጤፍ መሬት ለአቶ ያረጋል በኮንትራት ሰጥቻለሁ፤ የምንበላው ከእሷ ነው። አቶ ያረጋል ሰው ናቸውና፣ ዘር ሳይዘሩ ገንዘባቸውን ከመለስኩ መሬቴን ሊለቁልኝ ቃል ገብተዋል። ልጄ አልሄድም ብላለች፤ አመዛዝና በመቅረቷም እኮራባታለሁ። ስለዚህ የተቀበሉኝን ገንዘብ ክረምቱ ሳይገባ እንዲመልሱልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ካልመለሱልኝ ለሚቀጥለው ዓመት እኔም ባለቤቴም የምንበላው ምክርዎን ብቻ ይሆናል።

ደግነትዎ ወደ ሌላ ቤት ሳይሻገር በእኔ ቤት እንዲያበቃ ማለዳ ማለዳ የሚለምን፣ የክብርዎ ታዛዥ፣
መሪጌታ ዓለምብርሃን
ከጅጋ

ከፊርማው በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ቅዳሜ ገበያ ላይ ከባለቤትዎ ከወይዘሮ አምለሰት ጋር ተገናኝተን፣ ልጅዎ አንዷለም ከሰርካለም ጋር እኩል ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ ሆኖ ሳለ ይህ ዕድል ለምን እንዳመለጠው ጠይቄያቸው ነበር። እሳቸውም በቅንነት፣ እዚያ ኑሮው አይቀመስም ብሎ አባቱ እንደከለከለው ነገሩኝ።