ትንሿ አውሮፕላንህ ከጠረጴዛህ አልወረደችም

ገመቹዬ፣ የቤቴ አባወራ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ሊሞላህ ነው። ቤቱ አለ፤ እኛም አለን። የአዳማ ንፋስ ዛሬም አቧራውን በመስኮት ያስገባል፤ እኔም ጠዋት ጠዋት የጽሕፈት ጠረጴዛህን እወለውላለሁ። ባለ ሁለት ሞተሯ ትንሿ አውሮፕላንህ እዚያው ናት። አንተ ከምታበርራት ከትልቋ ጋር ቁርጥ አንድ ትሁን ብለህ ቀለሟን ስንቴ እንደቀባሃት ታስታውሳለህ? ልጃችን ሶስና ትንሽ ሳለች ጭንህ ላይ ተቀምጣ ማራገቢያዎቿን በጣቷ ስታሽከረክር፣ አንተ «ቀስ በይ፣ ካፒቴን» ትላት ነበር።

ትልቋ አንተን ይዛ ጉም ውስጥ ገብታ ከተራራ ከተጋጨች በኋላ ግን ሰው ሁሉ ይህችን ትንሿን ጠላት አደረጋት። አርባህ በወጣ ማግስት ወንድምህ ታደሰ ካርቶን ውስጥ ሊከታት መጣ። «ወንድሜን የበላ ነገር እዚህ ቤት አይቀመጥም» አለኝ። ከእጁ ነጥቄ ወደ ቦታዋ መለስኳት። «ያንተ ወንድም የኔም ባል ነበር። የሚወዳትን ከቤቱ አላስወጣም» አልኩት። ለወራት አኮረፈኝ። ያኩርፍ።

ከዚያ የባሰው መጣ። ሶስና ለፓይለትነት ትምህርት ተፈትና አለፈች። ታደሰ ሽማግሌ ሰብስቦ መጣ። «አንድ ልጅሽን ደግሞ ለዚያው ሞት ልትሰጪ ነው?» አሉኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ልጅህ ግን ፊቴ ቆማ፣ «እማዬ፣ አንቺ እምቢ ካልሽኝ እተወዋለሁ» ስትለኝ፣ አፌ እምቢ ማለት አቃተው። እዚያው ሽማግሌዎቹ ፊት «ሂጂ፣ ብረሪ» አልኳት። እያለቀስኩ ነው ያልኳት፤ ግን አልኳት።

ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን በረረች። ወዲያው ደወለችልኝ። «እማዬ፣ ወረድኩ! በሰላም ወረድኩ!» ግቢው መሃል ቆሜ እልልታዬን አቀለጥኩት። ጎረቤት ሰርግ መስሎት ወጣ። ታደሰም ሰምቶ መጣ። ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ከዚያ «እስቲ ደውይልኝ፣ ላናግራት» አለኝ።

ሞት አንተን ወሰደ፤ ሰማዩን ግን አይወስድብንም። አንድም ቀን አውሮፕላን ላይ ወጥቼ የማላውቀው እኔ፣ ሶስና ሰው ማሳፈር ሲፈቀድላት የመጀመሪያ ተሳፋሪዋ ነኝ። አልረሳህም ብዬ በወረቀት ብቻ አልምልልህም። አዳማ ከታች ስትታየኝ ስምህን ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ፤ ልጅህም አብራኝ ትጠራዋለች።

ሚስትህ አልማዝ