የመሄድ ድምፅ

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ በወጣሽ ቁጥር ትረግሚዋለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁም፤ ዛሬ መሬት አልበቃኝም! ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ተቀምጠሽ አንብቢው፤ ረጅም ነው፤ ጉራም ይበዛበታል።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። በሬዲዮ ጣቢያው ድራማ ክፍል ድምፅ የምሠራው እኔ ነኝ። ሩዝ ትሪ ላይ እያፈሰስኩ ዝናብ አዘንባለሁ፤ ፌስታል ጨምድጄ እሳት አነድዳለሁ፤ ተዋንያኑ ቆመው ሲያወሩ በእነሱ ፋንታ ጠጠር ላይ የምራመደው እኔ ነኝ። ስሜ ቀርቶ «ኳኳታ» ነው የሚሉኝ።

አዲሱ አዘጋጅ ከመጣ ወዲህ ግን ወንበሬ ተነቃንቆ ነበር። ይህ ሁሉ ድምፅ ኮምፒውተር ውስጥ ሞልቶ ተርፎ ሳለ አንዲት ሴት አሮጌ ጫማ ተሸክማ ስትዞር መዋሏ ምን ይባላል ይላል። በኋላም ቁርጡን ነገረኝ። የአዲሱ ድራማ የመጨረሻ ትዕይንት አድማጭ ካልነካ፣ ድራማው ሲያልቅ የእኔም ሥራ አብሮ ያልቃል።

ትዕይንቱ ቃል የለበትም። ልጅቱ እናቷን ትታ ላትመለስ ከቤት ትሄዳለች። ጽሑፉ ላይ ያለው እርምጃ፣ የቤት በር፣ የግቢ በር ብቻ ነው። ሠራሁት። ሲቀዳ እናትየዋን የምትጫወተው ተዋናይት ተንሰቀሰቀች። እኔ ራሴ ጫማዎቹን በእጄ እንደያዝኩ አለቀስኩ። አዘጋጁም ከዚህ በላይ ግልጽ ነገር የለም ብሎ ዘጋው።

ቅጂውን ይዤ ቤት ገባሁና፣ ሳህን ሲያጥብ ለነበረው ባሌ ምንም ሳልነግረው አሰማሁት። ዓይን ዓይኑን እያየሁ እንባውን ስጠብቅ፣ እጁን በፎጣ እያደረቀ «ማን መጣ?» አለኝ። ጆሮህን ምን ነካው ብዬ ጮህኩበት። ደግሜ አሰማሁት። አሁንም ሰው እየመጣ ነው አለ፤ እንዲያውም ጫማው ሳይጠበው አይቀርም ብሎ ጨመረልኝ። ተናድጄ ታች ወዳለው ፀጉር አስተካካይ ወረድኩ። እሱም መቀሱን አስቀምጦ በጥሞና ካዳመጠ በኋላ፣ አባወራው ከሥራ ገብቶ ነው፣ ደክሞታል፣ አለ።

እዚያው ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ። እትዬ፣ ሰው ሲገባም ሲወጣም የበር ድምፅ ያው ነው! እኛ ያለቀስነው ለሰማነው አይደለም፤ ቀድመን ላነበብነው ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ ይህን ካወቅሁ በኋላ እንኳ ቅጂውን ስከፍተው የምትታየኝ ስትሄድ ነው። እንደሌላው ሰው ልስማው ብል ጆሮዬ እምቢ አለኝ።

በማግስቱ ለአዘጋጁ ነገርኩት። ሳቀብኝ። ባልሽ ድራማ አያውቅም፣ ፀጉር አስተካካዩም መቀሱን ይሳል አለ። ደሜ ፈላና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እንግዲያው እርስዎ የሚያምኑበትን ጆሮ ይምረጡ አልኩት። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ሚስቱ ጋ ደወለ፤ እሷ ድራማ ሰምታ አትጠግብም፣ አሁን ታያላችሁ እያለ። ስሚ ብቻ ብሎ ቅጂውን ለቀቀላት። ሲያልቅ «አንተ ነህ እንዴ በሩ ላይ ያለኸው? ቁልፍ ረሳህ? ቆይ መጣሁ!» አትልም መሰለሽ? ነጠላ ጫማዋ ጧ ጧ እያለ ወደ በሩ ስትሄድ ሁላችንም ሰማን። ስቱዲዮው በሳቅ ሊፈርስ!

አዘጋጁ ግን፣ እውነቱን ልናገርለት፣ ሰው ነው። እስከ ጆሮው ቀልቶ ቆየና፣ በይ ኳኳታ፣ ምን ይሻላል አለኝ። ከመጣ ጀምሮ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው።

አድማጭ የሚያውቀው እኛ የሰጠነውን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ከመነሻው እንስጠው አልኩት። ደግነቱ ገና አንዱም ክፍል አልተላለፈም ነበር። የሚያፏጭ የሻይ ማንቆርቆሪያ አመጣሁ። በመጀመሪያው ክፍል ውሃው ፈልቶ ያፏጫል፤ ልጅቱ እየሮጠች መጥታ ታወርደዋለች፤ እናቷ ትስቃለች። በየክፍሉ እንዲሁ ነው፤ ባፏጨ ቁጥር ልጅቱ ትመጣለች። በመጨረሻው ክፍል ግን ማይክሮፎኑ ልጅቱን አይከተልም፤ እናትየዋ ጋ ቤት ይቀራል። በሩ ይዘጋል። ማንቆርቆሪያው ያፏጫል። የሚያወርደው የለም። ውሃው አልቆ ፉጨቱ እስኪሞት ድረስ ማይክሮፎኑን አልዘጋንም።

አዘጋጁ ሚስቱን ስቱዲዮ ድረስ አምጥቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰማት። ሲያልቅ «ሄደች አይደል?» አለች እንባዋን እየጠረገች።

ትናንት የመጨረሻው ክፍል ተላለፈ። እኔ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። ማንቆርቆሪያው ማፏጨት ሲጀምር መቀሱ ቆመ። ግማሽ ራሱን የተላጨ ሰውዬ ጨርቁን አገልድሞ ሬዲዮው አጠገብ ሄዶ ቆመ። በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ አላስችል ብሏት «ኧረ አውርዱላት!» ብላ ጮኸች። አሸነፍኩ፣ እትዬ! ዛሬ ጠዋት አዘጋጁ በሰው ሁሉ ፊት አቅፎኝ፣ የሚቀጥለውን ድራማ ገና አንድ ቃል ሳይጻፍ ከኔ ጋር ሊነጋገርበት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ባሌ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ፣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ እያለ ያወራል።

አዘጋጁ ይህን ከየት አመጣሽው ሲለኝ፣ ከቤት ነው ብዬ ዘለልኩት። ላንቺ ግን አልዘለውም። ልጅ ሳለሁ፣ አንቺ ለሥራ ሌላ ከተማ የሄድሽ ጠዋት ውሃ ጥደሽ ነበር፣ ለኔ ሻይ። እንደምትሄጂ ቤቱ በሙሉ ያውቅ ስለነበር፣ ሁሉም የማውቅ መስሎት አንድም ሰው አልነገረኝም። አንቺም መስሎሽ ነበር። ስትስሚኝ ላንቺ ስንብት ነበር፤ ለኔ ግን ሱቅ ደርሶ የሚመለስ ሰው መሳም ነበር፤ ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭም መጥተሽ ታወርጂዋለሽ ብዬ ጠበቅሁሽ። እትዬ፣ ስንት ዓመት ሳትሰናበተኝ ሄደች ብዬ አኩርፌሻለሁ! ለካስ ተሰናብተሽኝ ነው የሄድሽው። ይኸው ዛሬ ገባኝ፤ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ፈጣሪ ጤናሽን ይስጥሽ፣ ወገብሽን ያቅናልሽ፣ ደጅሽን ሰው አያሳጣው። ለፈቃድ እመጣለሁ ያልሽውን ደግሞ አደራ። ቀኑን፣ አውቶቡሱን፣ ስንት ጊዜ እንደምትቆዪ ምንም ለማያውቅ ሰው እንደሚነገር አድርገሽ ጻፊልኝ። የመመለሻሽ ጠዋት ሲደርስም ቀስቅሰሽኝ «እየሄድኩ ነው» በዪኝ፤ በሩ ድረስ ሻንጣሽን እኔ እይዝልሻለሁ።

ታናሽ እህትሽ