የሰናይት ሰባት ቤት ሲቆጠር

ተሾመ ሆዴ፣

ካረፍክ ወዲህ ሁለተኛውን ፋሲካ ያላንተ ዋልኩ። ቪዲኮን ሰፈር ያለው ቤታችን እንደነበረ ነው፤ መጻሕፍትህን ብቻ ወደ መኝታ ቤት አስገብቼ ሳሎኑን የበርበሬና የሽሮ ማሸጊያ አደረግሁት። እንደማትቀየመኝ አውቃለሁ፤ ንግድ ቦታ ይፈልጋል።

ዛሬ በማስታወሻዬ ላይ አንተን የማናግርህ ስለ ልጃችን ነው። ሰናይት ጄኔቭ የምትወደው ሰው አግኝታለች። ዳንኤል ይባላል፣ ረጋ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ባለፈው እሁድ አባቱ አቶ ከበደ ሽማግሌዎች ይዘው ከጄኔቭ፣ ከሰርቬት ሰፈር በባቡር መጡ። እንደ ወጉ ሰባት ቤት መቁጠር ተጀመረ። ያንተን ወገን እየጠራሁ ቅድመ አያትህ የቡልጋው ፊታውራሪ ደስታ ላይ ስደርስ አቶ ከበደ ደነገጡ። የእሳቸውም ቅድመ አያት የቡልጋው ፊታውራሪ ደስታ ናቸው! ሽማግሌዎቹ መቁጠሩን እዚያው አቆሙ። «ዘመዳሞች ናቸው፤ አይሆንም» አሉ። ሰናይት ማዕድ ቤት ሆና ሰማች። ስታለቅስ ድምፅ የላትም፣ እንዳንተ ናት።

ያን ጊዜ ነው የባቡር ጉዟችን ትዝ ያለኝ። ጄኔቭ ወዳጆችህን ልንጠይቅ ስንሄድ ታሪክ ያስተማርክበትን ዘመን እያነሳህ ስለ እንግሊዝ ነገሥታት ታወራልኝ ነበር። እኔ ያኔ የምነግደውን የጨርቅ ዋጋ ሳሰላ፣ «አትሰሚኝም» ብለህ ትስቅ ነበር። እሰማህ ነበር እኮ። የሄንሪ ሰባተኛ ሚስት የኤልሳቤጥ ወንድም የዮርክ መስፍን ነበር፤ ኋላ ልጇም የዮርክ መስፍን ተባለ። ተማሪዎችህ ፈተና ላይ አጎትየውንና የእህቱን ልጅ አንድ ሰው ያደርጓቸው ነበር። አንተም «ማዕረጉን ተዉትና የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቁ» ትላቸው ነበር።

እዚያው ጠየቅኋ! የአቶ ከበደ ቅድመ አያት ፊታውራሪ ደስታ የገብሬ ልጅ ናቸው። የእኛን ለማወቅ አዲስ አበባ ለእህትህ ደወልኩላት። በዚህ በደርግ ጊዜ ፊታውራሪ እያሉ በስልክ ማውራት እሷን ማስጨነቅ ነውና፣ «የሽማግሌው የደስታ አባት ማን ይባሉ ነበር?» ብቻ አልኳት።

«ወልደ ሚካኤል ናቸዋ! ምነው፣ ሙት ልትቀሰቅሺ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ በላይ ያሉትንም ጠራችልኝ፤ ከነአቶ ከበደ ጋር የሚገናኝ የለም። ሽማግሌዎቹ የቀረውንም ወገን ቆጥረው ሲጨርሱ ብድግ ብለው መረቁ። ሰናይት በሽሮው ከረጢት መሀል ተራምዳ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ሠርጉ የሰኔ ጾም ሳይገባ ነው። በአባት ቦታ የሚቆም ሰው አልፈለግሁም፤ እኔው እቆማለሁ።

አንተን መርሳት የለም፣ ተሾመ። የሰናይት ልጆች በእናታቸው ወገን ሲቆጥሩ መጀመሪያ የሚጠሩት አያት አንተ ነህ። ጥርሳቸው ሳይነቀል አስጠናቸዋለሁ።