ድንኳን ያስነሡት ሐኪም፦ የዶክተር ስርጉት የሻው የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ስርጉት የሻው ከአባታቸው ከአቶ የሻው ደምሌ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እታለም ደርሶ በጥር ወር 1978 ዓ.ም. በአሶሳ ዙሪያ፣ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው የሠፈራ መንደራችን ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከወሎ ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ወባው መንደሩን ይፈጅ ስለነበር ሕፃኗ አትተርፍም ያሉ ብዙ ነበሩ። ተረፉ።

አባታቸው ሸርቆሌ በስደተኞች ጣቢያ በጥበቃ ሥራ ተቀጥረው ቤተሰባቸውን ያስተዳድሩ ነበር። በግንቦት ወር 1994 ዓ.ም. ሲያርፉ የመንደሩ እድር «በሰው ቀብር አይገኝም ነበር» ብሎ ድንኳን ከለከላቸው። ከሸርቆሌ በየቀብሩ እየተመላለሰ የሚሠራ ጥበቃ ካለ ይምጣና ይንገረን። ለቅሶው ዝናብ ላይ በላስቲክ ተቀመጠ። የእድሩ ዳኛ አቶ ኪዳኔ ነበሩ፤ ዛሬም ከፊት ወንበር ላይ ስላሉ ይህን አይክዱትም። ስርጉት ከሠልስቱ ተነሥተው ለአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተቀመጡ፤ ከመንደሩ ልጆችም አንደኛ ወጡ።

ታላቅ ወንድማቸው ጌትነት እሳቸው እንዲማሩ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ እርሻ ላይ ቀርቷል። ይህ በየምረቃው ንግግር ሲዘለል ስለኖረ እዚህ ይጻፍ።

በ1997 ዓ.ም. ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ገብተው በ2003 ዓ.ም. ተመረቁ። በጾሬና በሸርቆሌ በስደተኞች ክሊኒኮች አገልግለዋል። ከዚያ አዲስ አበባ ሄደው ከሰው አካል የሚወሰድን ናሙና በአጉሊ መነጽር መርምሮ በሽታን የሚለየውን የፓቶሎጂ ሕክምና ተማሩ፤ ሕንድ አገርም ተልከው በአንጎል እብጠት ላይ ሠለጠኑ። አቶ ኪዳኔ በሰው መሐል «መስታወት ላይ አፍጥጦ መዋል ደግሞ ሐኪምነት ሆነ?» ማለታቸው አይዘነጋም። በ2009 ዓ.ም. የባምባሲውን መምህር አቶ ገመቺስ ሂርጳን አገቡ። ሙሽራው ጴንጤ ነው ተብሎ ሠርጉ ላይ ያልተገኘው ሁሉ ኋላ ልጁ ሲታመምበት ስርጉትን ለማግኘት የሙሽራውን ስልክ ሲለምን ታይቷል። በ2011 ዓ.ም. ልጃቸው ሜቲ ተወለደች።

የሥራቸው ነገር እንዲህ ነው። የአንጎል እብጠት ከአንድ እስከ አራት ደረጃ አለው፤ አንድ ቀርፋፋው፣ አራት ገዳዩ ነው። በተለመደው ቀለም ሲታይ መልኩ ያስፈራና ያሳስታል። ስርጉት ያስገቡት አሠራር ግን ፕሮቲን ለይቶ የሚያወጣ ቀለም ነው። ሕዋስ ሊባዛ ሲል የሚያወጣው ኪ ስልሳ ሰባት የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ቀለሙ ሲያገኘው ቡኒ ይሆናል። ቡኒው ከበዛ እብጠቱ እየጋለበ ነው፤ ከሳሳ እያዘገመ ነው። ሌሎች ፕሮቲኖችም የእብጠቱን ዘር ይናገራሉ። ስርጉት ሁሉንም ሳያዩ ደረጃ አይሰጡም ነበር።

በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. የእኚሁ የአቶ ኪዳኔ ባለቤት ወይዘሮ ጸሐይነሽ በአንጎል እብጠት ታመው፣ አዲስ አበባ ስርጉት በሚሠሩበት ሆስፒታል ራሳቸውን ተቀደዱ፤ ከእብጠቱም ናሙና ተወሰደ። የፕሮቲኑ ቀለም ከአገር አልቆ ስለነበር በተለመደው ቀለም ብቻ ደረጃ አራት ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ስርጉት ቀለሙ እስኪመጣ ጠብቁ ብለው ለመኑ። አቶ ኪዳኔ አልሰሙም፤ በአገሯ ትሙት ብለው አሶሳ ይዘዋቸው ገቡ። ታማሚዋ ገና እየተነፈሱ እድሩ ድንኳን ተከለ። ወይዘሮ ጸሐይነሽ «ማን ሞቶ ነው?» ብለው ቢጠይቁ ጎረቤታቸው ብሪቱ ናት አሏቸው። ብሪቱም በሕይወት እንዳትታይ ቤቷ ተዘግቶባት ከረመች። ሕመምተኛዋ ተኝተው ለብሪቱ ሲያለቅሱ፣ ብሪቱ ደግሞ በግድግዳው ማዶ ለሳቸው ታለቅስ ነበር።

ቀለሙ ደረሰ። ስርጉት አዩት፤ ቡኒው እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ያለ ነበር፣ ሌሎቹም ፕሮቲኖች የቀርፋፋውን ዘር መሰከሩ። ደረጃ አንድ። የቀረው ተቆርጦ ከወጣ ይዳናል። ወዲያው ደወሉ።

አቶ ኪዳኔ «አንቺ ልጅ፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ንፍሮው ተጥዷል፤ አሁን ለሕዝቡ ምን በል ነው የምትዪኝ?» አሉ።

«ጋሼ ኪዳኔ፣ ንፍሮውን ብሉት። ድንኳኑን አንሡልኝ፤ ሰው አልሞተም።»

የተተከለ ድንኳን ባዶውን አይፈርስም፣ ሌላ ሰው ይጠራል ብለው የተከራከሩ ነበሩ። ስርጉት በማግስቱ በአውሮፕላን አሶሳ ወርደው፣ ለአባታቸው ያልተፈቀደውን ድንኳን በገዛ እጃቸው ካስማውን ነቀሉት። ቂም አላወሩም፤ ያላወሩትን ቤተሰቡ ያወራላቸዋል። ወዲያው ገብተው «እትዬ ጸሐይነሽ፣ ይነሡ፤ እንሄዳለን» አሉ። ብሪቱ በበሩ ብቅ ስትል ግን ታማሚዋ «በስመ አብ!» ብለው ከተኙበት ዘለው ተነሡ፤ ከታመሙ ወዲህ ያለደጋፊ ሲቆሙ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነው።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ለመስቀል ወይዘሮ ጸሐይነሽ በእግራቸው አሶሳ ገበያ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ስርጉት በሚሠሩበት ሆስፒታል የፕሮቲኑ ውጤት ሳይታይ የአንጎል ታማሚ ተስፋ የለህም ተብሎ እንዳይሸኝ ተወሰነ። በእጃቸው የሠለጠኑ ሐኪሞችም ዛሬ በየክልሉ ይህንኑ ይሠራሉ። በክልላችን ላቦራቶሪ ይከፈት ብለው ሲያመለክቱ «ሌላ ቅድሚያ አለን» ብሎ የመለሳቸው ቢሮ ዛሬ የአበባ ጉንጉን ልኳል። ተቀብለናል።

ዶክተር ስርጉት በ2015 ዓ.ም. የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። እየታከሙ ከሥራቸው አልቀሩም። ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ39 ዓመታቸው አርፈው፣ በፈቃዳቸው በተወለዱበት መንደር ይቀበራሉ።

ከኋላቸው እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን አቶ ገመቺስን፣ ልጃቸውን ሜቲንና ወንድማቸውን ጌትነትን ትተዋል። ወይዘሮ ጸሐይነሽም ትናንት መጥተው፣ ባለቤታቸው ተዪ እያሉ እጃቸውን ቢጎትቱም፣ «ከእህቶቿ ቁጠሩኝ፤ የምኖረው በሷ ነው» ስላሉ ከእህት ተቆጥረዋል።

የሰውን ዕድሜ ሳትቸኩል የመዘነችውን ነፍስ አምላክ በምሕረቱ ይመዝናት፤ ከደጋጎቹ ጎን ያኑራት። አሜን።