ወደ ጓሮዬ ያስዞርኩት መብራት

ውድ አኬሎ፣

እንዴት ነሽ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን አውቀዋለሁ። ከቀበርንሽ ዛሬ አርባ ሦስት ቀን ሆነ። የምጽፍልሽ በአማርኛ ነው፣ አትሳቂብኝ። በቋንቋችን ባወራሽ ይሻለኝ ነበር፤ ግን እጄ ትምህርት ቤት የተማረው ይኼንኑ ነው፣ እሱም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። አፌ ደግሞ ምን እንዳደረገሽ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ዛሬ እጄ ይናገር ብያለሁ።

ወንድምሽ ኦቻንግ የሞተብኝ ጊዜ ከአቦቦ እዚህ ጋምቤላ ድረስ አንድ የጨርቅ ጥቅልና አንድ ቅል ይዘሽ መጣሽ። "ለሳምንት ነው፣ እስክትበረቺ" አልሽኝ። ሳምንቱ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። የባል እህት እንዲህ ትሆናለች ብሎ ማን ያምናል? እኔ ገበያ ስውል ልጆቼን አንቺ አጠብሽ፣ አንቺ ገረፍሽ፣ አንቺ አባበልሽ። ትንሿ አቻላ እኔን "እማዬ" ካለች አንቺን "ትልቋ እማዬ" ነበር የምትልሽ። ቅሉ ውስጥ የእናትሽ የማሽላ ዘር ነበር። ጭሱ እንዲያገኘው ብለሽ ከምድጃው በላይ ሰቀልሽው። ሰው ዘሩን ሊገዛ ሲጠይቅሽ፣ "ዘር ለሰው ይሰጣል እንጂ አይሸጥም" ትይ ነበር። በየዓመቱ ጓሮዬን ያለበሰው ያ ዘር ነው።

የመንገዱ የሶላር መብራት በራችን ላይ የተተከለ ቀን ትዝ ይልሻል? ሰፈሩ እልል አለ። የባጃጅ ሹፌሮች ጥሩምባ እየነፉ አለፉ። እኔማ ከሁሉ ብሼ ሠራተኞቹን ማንጎ አበላሁ፣ ቀዝቃዛ ውኃ አጠጣሁ፤ ከዚያ፣ "ልጆቼ፣ በሞቴ፣ ጭንቅላቱን ትንሽ ወደ ጓሮዬ አዙሩልኝ" አልኳቸው። ባለፈው ዓመት ሌባ ማሽላችንን ቆርጦብን ነበራ! አዞሩልኝ። በዚያው ምሽት ጓሮው እንደ ሆቴል ግቢ በራ።

አንቺ ደጃፉ ላይ ቆመሽ አየሽና፣ "አሪየት፣ ማሽላው ደግሞ አይተኛም እንዴ?" አልሽኝ።

"አንቺ ደግሞ! ማሽላ ትራስ ይፈልጋል?" አልኩሽ። ሳቅን። አንቺም ስቀሻል፣ አይቻለሁ፤ ከልብሽ ይሁን አይሁን ግን ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ አብረን አይተናል፣ እኔ ግን እንዳላየሁ ሆንኩ። ምስጡና የእሳት ራቱ ሌሊቱን እየተሽከረከረ ሲወድቅ ያድርና ጠዋት በሳፋ እንጠርገው ነበር። ምሰሶው ሥር እንቁራሪት ተሰበሰበ፣ እንቁራሪቱን ብሎ እባብ መጣ። አውራ ዶሯችን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ይጮኻል፤ የመንደሩ አውራ ዶሮ ሁሉ ይመልስለታል። ማንጎው ላይ ጎጆ የሠሩት ወፎች ሲንጫጩ ያድራሉ። ማንጎው ሲያብብ ይመጡ የነበሩት የሌሊት ወፎች ደግሞ ጭራሽ ቀሩ። አንቺ እንቅልፍ አጥተሽ ሰማያዊ ሽርጥሽን መስኮቱ ላይ ሰቀልሽ። እኔም አልተኛም ነበር፣ እውነቱን ልንገርሽ። ግን መብራቱን እኔ ነኛ ያስዞርኩት፤ በምን አፌ ልናገር? "ልመጂው፣ ሥልጣኔ ነው" አልኩሽ።

ማሽላው አደገ። አቤት ሲያድግ! የቤቱን ክፈፍ አለፈው፣ ቅጠሉ ረዝሞ ወደ መሬት ተዘናፈለ። ግን አልዘረዘረም። ክረምቱ ወጣ፣ የጎረቤቱ ሁሉ ራስ አውጥቶ ቀላ፤ የኛ ዝም ብሎ አረንጓዴ። አንቺ ጠዋት ጠዋት እየዞርሽ አገዳውን በጣትሽ ትዳብሺው ነበር፣ እርጉዝ ሆድ እንደሚዳበስ።

ከዚያ የመከር ምስጋናው እሑድ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያን ሁሉም የማሳውን የመጀመሪያ ራስ ይዞ መጥቶ ከፊት ይደረድራል። እኔ ባዶ እጄን መግባት አፍሬ ሁለት አገዳ ቆርጬ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ኛባንግ አየችኝ፤ ቀልደኛ መሆኗን ታውቂያለሽ፣ ክፋት የላትም።

"አሪየት! ይኼ ለጌታ ነው ለላም?"

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። "ላሚቱስ ብትሆን ትጠግባለች" አለች ሌላዋ። ፊቴ ጋለ። አንቺ አጠገቤ ነበርሽ፣ የሁላችንንም መዝሙር መጽሐፍ ታቅፈሽ። መሳቅ ነበረብኝ። አብሬ ስቄ ብዘጋው ኖሮ ዛሬ አንቺ ከጎኔ ተቀምጠሽ ነበር። እኔ ግን ዞርኩብሽ።

"ዘሩን የሰጠችኝን ጠይቋት! መካን እጅ የነካው ዘር መቼ ያፈራል?"

ሰርዤው ነበር፣ ደግሜ ጻፍኩት። ካልጻፍኩት ይኼ ደብዳቤ ውሸት ነው።

ማንም አልሳቀም። ኛባንግ እንኳ አፏን ያዘች። አንቺ መጽሐፎቹን አንድ በአንድ አግዳሚው ላይ አስቀመጥሽ፣ ነጠላሽን አስተካከልሽ፣ ወጣሽ። በማግስቱ አቻላ ሥራ ከመሄዷ በፊት ቁርሷን አብልተሻት በአቦቦ መኪና ሄድሽ። እኔ ተኝቼ ነበር። አይ፣ ይኼም ውሸት ነው፤ ነቅቼ ነበር፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የሳንዳልሽን ድምፅ ሰማሁ። ምንጣፍሽ ተጠቅልሎ ቀረ። ከቅሉ ዘር ግማሹን ወስደሽ ግማሹን ትተሽልኝ ነበር። ንዴቴ አልወጣልኝምና የተውሽልኝን ወስጄ ሽንት ቤቱ ጀርባ በተንኩት።

በዓመቱ ከገበያ ሌላ ዘር ገዝቼ ዘራሁ። አደገ፣ ክፈፉን አለፈ፣ አልዘረዘረም። ያኔ ልቤ "አሪየት፣ ምን አድርገሻል?" አለኝ። ዝም አሰኘሁት።

የቤተ ክርስቲያናችን ዘበኛ ሽማግሌው ማቻር በኅዳር አንድ ጠዋት ከአጥሩ ማዶ ጠራኝ። "አንቺ ሴትዮ፣ ነይ እስኪ። ይኼም ያንቺ ነው?" ሽንት ቤቱ ጀርባ ወሰደኝ። የቆርቆሮው ጥላ በሚያርፍበት ቦታ፣ መብራቱ በማይደርስበት፣ የበተንኩት ዘርሽ በቅሎ ራሱን ደፍቶ ቆሟል። የሰው ክንድ የሚያህል፣ ቀይ፣ የሞላ። ከጥላው አንድ እርምጃ ወጣ ያለው አገዳ ግን ባዶ። ማቻር በበትሩ መሬቱ ላይ መስመር አሰመረ። "እስከዚህ ጨለማ። እስከዚህ ፍሬ" አለ።

የእርሻ ባለሙያ የሆነውን ወጣቱን ታንግን ለምኜ አመጣሁት። መብራቱን አየ፣ ማሽላውን አየ።

"ማዘር፣ መብራት የማይጨንቀው ዘር አለ፤ ይኼ ረጅሙ የአገራችን ማሽላ ግን ሌሊቱ ሲረዝምለት ነው ጊዜው መድረሱን የሚያውቀው። እዚህ ሌሊት አልመጣለትም። ገና ነው ብሎ እየጠበቀ ነው።"

"እስከ መቼ?"

"መብራቱ እስካለ።"

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በዚያው ቀን ወደ አንቺ መኪና መሳፈር ነበረብኝ። የማሽላውን ራስ ቆርጬ በነጭ ጨርቅ ጠቀለልኩት። ከዚያ፣ ገበያው ይለፍ አልኩ። ከዘንድሮው የመከር ምስጋና ራሴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። የገና በዓልም ይለፍ አልኩ። አቻላ "እማዬ፣ መቼ ነው የምትሄጂው?" ስትለኝ፣ "በባዶ እጅ አይኬድም፣ ዓሣ ላድርቅላት" አልኩ። አፍሬ ነው፣ አኬሎዬ። በጥር ስልክ ተደወለ። ወባ ነው አሉ፣ ሦስት ቀን ብቻ።

ያንን ጨርቅ ይዤ ለቅሶሽ ላይ መጣሁ። ልገልጠው አልደፈርኩም፣ ጉያዬ ውስጥ ነበር። ጎረቤትሽ እሙዬ እጄን ይዛ ወደ ቤትሽ አስገባችኝ። ከምድጃው በላይ የማሽላ ራስ ተሰቅሏል፣ ጭስ የጠጣ፣ የኔኑ የሚመስል።

"በኅዳር ያስገባችው ነው" አለችኝ። "'ጋምቤላ አላፈራም የተባለው ዘር ይኼ ነው' አለችኝ። እኔም 'ታዲያ ወስደሽ አሳያታ! አፏን አስይዣት!' አልኳት።"

"ምን አለች?"

እሙዬ መሬት መሬት አየች። "'ልጆቿ ፊት ታፍራለች' አለች።"

ሁለታችንም በአንድ ወር ያንኑ ፍሬ ይዘን ተቀምጠን ነበር። አንቺ እኔን ላለማሳፈር፣ እኔ ላለማፈር።

ከለቅሶው እንደተመለስኩ መብራቱ ይዙርልኝ ብዬ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። "ማመልከቻ ጻፊ" አሉኝ፣ ጻፍኩ። ይጥፋ አላልኩም፤ አቻላ ከሥራ ስትመጣ መንገዱ ያስፈልጋታል። ወደ መንገዱ ይመለስ፣ በጓሮው በኩል ቆርቆሮ ይደረግለት ነው ያልኩት። ማክሰኞ መጥተው አዞሩት። ማንጎ አበላኋቸው፣ ያው ሰዎች ናቸው።

የኔን የማሽላ ራስና ከቤትሽ ያመጣሁትን ያንቺን አንድ ላይ ከምድጃው በላይ ሰቅያቸዋለሁ። ዝናቡ ሲገባ አደባልቄ እዘራቸዋለሁ። በመከሩ እሑድ ያንኑ ቦታ፣ እነ ኛባንግ ፊት፣ ፍሬውን ይዤ ቆሜ ያንን ቃል እኔው በአፌ እመልሰዋለሁ፤ ዘሩ የማን እንደሆነ፣ መብራቱን ማን እንዳስዞረው እናገራለሁ። ልጆቼም ይስሙ። ልፈር።

ትናንት ሽርጥሽን ከመስኮቱ አወረድኩት፤ አጥቤ ምንጣፍሽ ላይ አጥፌዋለሁ። ጓሮው ጨልሟል። አውራ ዶሮው እስኪነጋ አልጮኸም። አንቺ ለማሽላው የጠየቅሽኝ እንቅልፍ መጥቷል፣ አኬሎዬ፤ እኔ ግን እስካሁን አልተኛሁም።

ልጆችሽን አብሬሽ ያሳደግኩት፣
የወንድምሽ ሚስት አሪየት