ድኗል ያልኩሽ ጉልበት

ለማከብርሽ፣ ለምሳሳልሽ እትዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀሽ ወይ? የልጆችሽ አባትስ ወገቡ ተሻለው? እኔ እንዳለሁ አለሁ፤ ናፍቆታችሁ ግን ጠንቶብኛል።

ባለፈው በስልክ ስትጠይቂኝ ጉልበቴ ድኗል አልኩሽ። ዋሽቼሻለሁ፣ ይቅር በይኝ። የታጠበ አንሶላ ታቅፌ ደረጃ ስወርድ ከወደቅሁ አምስት ወር ሞላኝ። እብጠቱ ጎድሏል፤ ሕመሙ ግን አልወጣም እንዳለ ተከራይ ተቀምጦብኛል። ደረጃውን እንደ ሕፃን አንዱን እግሬን አስቀድሜ፣ ሌላውን አጠገቡ እያሳረፍኩ ነው የምወርደው። ሐኪሙ፣ አጥንትሽ ደህና ነው፣ ጅማትሽ ነው የተጎዳው፣ እረፊ አለኝ። ሥራዬን ታውቂው የለ? የማስታምማቸውን አሮጊት ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ ቤት ማንሣት ነው። የትኛውን እረፍት ልረፍ?

ልጃቸው እንዳታሰናብተኝ ፈርቼ ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ። ያለፈው ሐሙስ ጠዋት ግን እጃቸውን አንገቴ ላይ ጠምጥመው ሳነሣቸው ጉልበቴ ከዳኝ። ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ፣ እሳቸውን እንዳቀፍኩ ተንሸራትቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እሳቸው ምንም አልሆኑም። እኔ ግን ቶሎ መነሣት አቃተኝ። ብጥላቸው ኖሮስ?

ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ ሁሉንም ነገርኳት። ከእንግዲህ ብቻዬን እንደማላነሣቸው፣ ብታሰናብተኝም እንደማልቀየማት ነገርኳት። ይሄኔ አሮጊቷ ከወንበራቸው ሆነው፣ «ሦስት ዓመት ሙሉ ስትሸከመኝ አንድም ቀን ከበዱኝ አላለችም። ዛሬ ብትል ምን ነውር አለው?» አሏት።

አሁን እሳቸውን የምታነሣ ሌላ ሴት ትመጣለች፤ እኔ ምግባቸውንና መድኃኒታቸውን ይዣለሁ። እስከ መቼ እንደሆነ ልጃቸው አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት። ሐኪሙ ያዘዘልኝን የእግር እንቅስቃሴ አሮጊቷ ይቆጥሩልኛል፤ ሰባት ላይ ሲደርሱ ስለሚጠፋባቸው እንደገና ከአንድ እንጀምራለን። እንዲህ ሲሆን ቢያስቀኝም ጉልበቴ አይስቅም።

ደክሞኛል፣ እትዬ። ይህን ከአንቺ በቀር ለማንም አልናገርም። ለእማዬ እንዳትነግሪያት አደራ፤ ከሰማች በእግሯ ልትመጣ ትነሣለች።

የልጆችሽን አባት ሰላም በይልኝ። ትልቁን ልጅሽን ትምህርቱን እንዳይተው ንገሪው፤ ትንሿን ደጋግመሽ ሳሚልኝ። የእማዬን ጉልበት ግን ዝቅ ብለሽ፣ ሁለቱንም፣ በእኔ ፈንታ ሳሚልኝ።

ታናሽ እኅትሽ
ከአሮጊቷ ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
እሑድ፣ የካቲት 14 ቀን