አማቴ እና የጋለው ኮምፒውተር

ጥር 4

የማቀናብረው የጁወይሪያ ሰርግ ቪዲዮ ዛሬም አላለቀም። ኮምፒውተሩ ሃያ ደቂቃ ፊልም ለማውጣት ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀ። ልብስ አጠብኩ፣ ደረቀ፣ ሰበሰብኩ... እሱ ገና ግማሽ ላይ። መልሱ እሁድ ነው። እናቷ እትዬ ናፊሳ እንግዳው ተሰብስቦ ሊያየው ነው ብለው ሁለቴ ደወሉ። አዲስ ኮምፒውተር መግዛት? በህልሜ። ጅማ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ለዚህ ማሽን የሚሆን፣ ያገለገለ ግን ፈጣን ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል ማለት ነው) አለኝ አለ። ላክልኝ አልኩት።

ጥር 7

ፕሮሰሰሩ በሚኒባስ መጣ። አብሮት አንዲት ትንሽ ቱቦ ቅባት አለች፤ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ከላዩ ወዳለው ማቀዝቀዣ እንድታሻግር በመሃል የምትቀባ። ጠረጴዛ ላይ ትቼ ገበያ ደርሼ ስመለስ ቱቦዋ ተጨምቃ ጠፍጣፋ ሆናለች። የባሌ አባት፣ አባባ ከፈለኝ፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ግራጫ...

ከአገራቸው ከዋጫ እኛ ዘንድ ከመጡ ወዲህ ውሏቸው በረንዳው ነው። ከሰላምታ ሌላ ብዙም አናወራም። ዛሬ ግን አወሩ።

"ልጄ፣ ይሄ ቅባት ደህና ነው። አይለቅም እንጂ።"

የኮምፒውተር ነው አልኳቸው። ኮምፒውተርም ያመዋል ወይ አሉኝ። ምን ይባላል? ያመዋል አልኩ። ቱቦዋን ጨምቄ ጨምቄ የምስር ፍሬ የምታህል አገኘሁ። በቃች።

ጥር 8

ፕሮሰሰሩን ገጠምኩት። ይሠራል። ኧረ ይሮጣል። እዚህ ላይ ብተወው ምን ነበረበት? ጠጋኙ ከተሠራበት ፍጥነት በላይም ማስሮጥ ይቻላል ብሎኝ ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ትንሽ ጨመርኩ። ደስ አለኝ። ደግሞ ጨመርኩ። ደግሞ...

ስክሪኑ ጨለመ።

ጥር 9

ቀነስ ሳደርግለት ተነሳ። ግን ቪዲዮውን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ግሎ ይጠፋል። ሁለቴ። መልሱ ነገ ነው... ክዳኑን አውልቄ ለቅሶ ቤት እንዳለ ሰው ተቀመጥኩ።

አባባ በር ላይ ቆመው ምን ሆነ አሉ። ትኩሳት አለበት አልኩ። ሄዱ፣ የከሰሉን ማራገቢያ ይዘው ተመለሱ፣ ወንበር ስበው ያራግቡት ጀመር። እያራገቡም ቪዲዮውን ያያሉ። ሙሽራው ምን አስፈራው ይላሉ። ይቺ ቀይ ሻርፕ የለበሰች ሴትዮ በዛች ይላሉ።

ባለ ቀይ ሻርፗ ገቡ። እትዬ ናፊሳ። ቪዲዮው ደረሰ ወይ ሊሉ መጥተው አንድ ሽማግሌ ኮምፒውተር ሲያራግቡ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ታሟል እንዴ?" አሉኝ።

አባባ ዞር ሳይሉ "ተሽሎታል" አሉ።

ከምሳ በፊት አለቀ።

ጥር 10

መልሱ ላይ ታየ። ተጨበጨበ። አባባ ለጎረቤታቸው ሁሉ እኔና ልጄ የሠራነው ነው ሲሉ ሰማሁ። ጎረቤታቸው አመነ።

ጥር 16

ጠጋኙ ማሽኑን ታቃጥዪዋለሽ ስላለኝ ትናንት ፍጥነቱን ወደ ቦታው መለስኩት። አይግልም። ለኔ ሥራ ይበቃል።

ዛሬ ጠዋት አባባ እንደ ሰሞኑ ማራገቢያቸውን ይዘው ገቡ። ማሽኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ቀዝቃዛ።

"ዳነ ማለት ነው" አሉ። ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ወደ በረንዳው...

አባባ፣ አንዴ ይቆዩ አልኩ። አጥፍቼ አስነሳሁት፣ ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ፣ አንዲት ደረጃ ብቻ ጨመርኩ።

"ትንሽ አገርሽቶበታል" አልኳቸው።

ወንበራቸውን ሳቡ።